ጭስ የሌለው እሳት



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ከሰል ምድጃ ነው። «እሳት ማንደድን ለእኛ ነው እንዴ የምታስተምረን?» ትሉኝ ይሆናል። እውነታችሁን ነው። ዕድሜያችሁን ሙሉ እሳት ስታነዱ ኖራችኋል። እርጥቡን እንጨት ከደረቁ፣ ኩበቱን ከጭራሮው ለይታችሁ ታውቃላችሁ። በዚህ በኩል እናንተ አስተማሪ፣ እኔ ተማሪ ነኝ። ነገር ግን የከሰል እሳት ከእንጨት እሳት የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው። ያንን ጠባዩን ያላወቀ ሰው ማታ ደኅና ተኝቶ ጧት ላይነሣ ይችላል። የዛሬው ነገራችን ይኸው ነው።

እኔ ተወልጄ ያደግሁት አዲስ አበባ፣ አራዳ ውስጥ ነው። አራዳ የከተማው እምብርት ነው። ጥንት ትልቁ ገበያ የሚቆመው እዚያ፣ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። ጣሊያን አገራችንን ወርሮ በነበረበት ጊዜ፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ውስጥ፣ ገበያው ወደ መርካቶ ተዛወረ። ፒያሳ የሚለውም ስም ጣሊያንኛ ነው። አደባባይ ማለት ነው።

«ታድያ አራዳና ፒያሳ ከእኛ ጋር ምን አገናኛቸው?» ትሉኝ ይሆናል። ሁለት ነገር ያገናኛችኋል።

አንደኛው ማገዶው ነው። አዲስ አበባ ከጥንት ጀምራ ማገዶ ያጠራት ከተማ ናት። ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ብዙ ሳይቆይ በዙሪያዋ የነበረው ዛፍ ተመናመነ። ዐፄ ምኒልክ በማገዶ እጦት ምክንያት ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ነበር። ከተማዋን ከመነሣት ያዳናት ትውልዱ አውስትራሊያ የሆነው ባሕር ዛፍ ነው። ከእንጦጦ ጋራ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች ከተማውን ለብዙ ዘመን መግበውታል። ከሰሉ ደግሞ ከገጠር በጆንያ ተጭኖ ይገባል። ያንን ከሰል የሚያከስለው ገበሬው ነው።

ሁለተኛው ልጆቻችሁ ናቸው። ከእናንተ መካከል ልጁ ወይም የወንድሙ ልጅ ወደ አዲስ አበባ ያልሄደበት ማን አለ? አንዱ ለቀን ሥራ፣ አንዷ ለቤት ሠራተኝነት፣ አንዱ ለትምህርት ሄዷል። ልጁ አገር ቤት ሳለ የሚያውቀው የእንጨትና የኩበት እሳት ነው። ከተማ ሲገባ ከሰል ያገኛል። እሳት እሳት ነው ብሎ እንደለመደው ይይዘዋል። አደጋው እዚህ ላይ ነው።

ነገሩን ከቤታችን እንጀምረው። የሣር ክዳን ጎጆ ይተነፍሳል። ጭሱ በሣሩ መሐል እየሾለከ ይወጣል። ነፋስ በግድግዳው ስንጥቅ ይገባል። ማታ ረመጡን በአመድ ዳፍናችሁ ትተኛላችሁ። ጧት ገለጥ አድርጋችሁ እሳት ትለኩሳላችሁ። አያቶቻችሁም እንዲሁ አድርገው ኖረዋል።

የከተማው የኪራይ ቤት ግን ሌላ ነው። በአራዳ፣ በዶሮ ማነቂያና በእሪ በከንቱ የነበሩትን ቤቶች ላስታውሳችሁ። ግድግዳቸው ጭቃ፣ ጣሪያቸው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሳቸው ማዳበሪያ ነበር። ብዙዎቹ አንድ ክፍል፣ አንድ በር፣ አንድ ትንሽ መስኮት ነበሩ። በዚያች ክፍል ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይተኛል። ቦታ ሲጠብብ ቆጥ ይሠራና ልጆች ከላይ ይተኛሉ። ከእነዚህ ቤቶች እጅግ ብዙዎቹ በ2016 ዓ.ም. ለከተማ ልማት ተብሎ ፈርሰዋል። ነዋሪዎቹ ወደ ሌላ ሰፈር ሄደዋል። ምድጃቸው ግን አብሯቸው ሄዷል። አዲሱ የብሎኬት ቤት ደግሞ በሩና መስኮቱ ሲዘጋ እንደ ተከደነ ገንቦ ነው። ከጭቃው ቤት ይልቅ የባሰ ያፍናል። እናንተም ብትሆኑ ጎጆውን ትታችሁ ቆርቆሮ ቤት እየሠራችሁ ነው። ግድግዳውን አጥብቃችሁ ትመርጋላችሁ። መልካም ነው። ነገር ግን ቤታችሁ እንደ ድሮው እንደማይተነፍስ እወቁ።

አሁን ወደ ከሰሉ እንምጣ። እሳት እንደ ሰው አየር ይፈልጋል። አየር ከሌለ ይጠፋል። ድፍን ቤት ውስጥ ከሰል ሲነድ የክፍሉን አየር ይበላል። አየሩ ሲያንሰው ደግሞ መርዛም ጋዝ ይበዛል። የዚህ ጋዝ ስም ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል። ስሙ ረጅም ነው፤ ስሙን ብትረሱት ግድ የለም። ጠባዩን ግን አትርሱት። ቀለም የለውም፣ አይታይም። ሽታ የለውም፣ አይሸትም። ጣዕምም የለውም። ዓይን አያቆጠቁጥም፣ አያስነጥስም።

እንጨት ሲጤስ ዓይናችሁ ያለቅሳል፣ ጉሮሯችሁ ይከረከራል። «ኧረ በሩን ክፈቱ!» ትላላችሁ። ጭሱ ራሱ አፍ አውጥቶ ውጡ ይላችኋል ማለት ነው። ከሰል ግን ፍም ከሆነ በኋላ አይጤስም። ቀልቶ፣ ደምቆ፣ ሙቀቱን እየሰጠ ዝም ይላል። ሰውም «ጭሱ አልቋል፣ አሁን ይግባ» ብሎ ምድጃውን ወደ ቤት ያስገባል። ጭሱ ማለቁ እውነት ነው። ጋዙ ግን አላለቀም። ፍሙ አመድ ለብሶ የጠፋ ሲመስልም ጋዙን መስጠቱን አይተውም።

ይህ ጋዝ ሰውን የሚጎዳው እንዲህ ነው። ደማችን እንደ ጭነት አህያ ነው። ከሳንባችን ኦክስጅን የሚባለውን ንጹሕ አየር ጭኖ ወደ አንጎልና ወደ ልብ ያደርሳል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ሳንባ ሲገባ አህያው ላይ ቀድሞ ይጫናል። ደም ይህን ጋዝ ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። አህያው ድንጋይ ተጭኗል፤ እህሉ የሚጫንበት ቦታ የለም። ሰውየው ይተነፍሳል፣ ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ነገር ግን አንጎሉ አየር አያገኝም።

መጀመሪያ ራስ ያማል። ቀጥሎ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል፣ ያስታውካል። ከዚያ ጉልበት ይከዳል። ሰውየው ልነሣ ቢል እግሩ አይታዘዝለትም። አሳቡም ይምታታል። በመጨረሻም ራሱን ይስታል። ተኝቶ የነበረ ሰው ግን ይህን ሁሉ ሳያውቀው ያልፋል። ከእንቅልፍ ወደ ሞት ይሻገራል።

በ2010 ዓ.ም. ክረምት በእኛ ሰፈር የሆነውን ልንገራችሁ። ሁለት ወንድማማቾች ከገጠር መጥተው ለቀን ሥራ ተሰማሩ። ታላቁ 22፣ ታናሹ 17 ዓመት ይሆነዋል። ሐምሌ ውስጥ ነው። ቀኑን ሙሉ ዝናብ መትቷቸው ገቡ። ከደጅ ከሰል አቀጣጥለው ሽሯቸውን ሠርተው በሉ። ፍሙ ገና ደማቅ ነበር። ከሰል በገንዘብ ይገዛል፣ ፍሙን መጣል ደግሞ ያሳሳል። ልብሳቸውም እንዲደርቅ ብለው ምድጃውን ወደ ውስጥ አስገቡት። ብርዱ እንዳይገባ በበሩ ሥር ጆንያ ወተፉ። ታላቅየው ወደ ጓዳው ጥግ፣ ታናሹ ወደ በሩ ተኙ።

በነጋታው ለሥራ ሳይወጡ ሲቀሩ አከራይቷ በሩን መቱ። መልስ አጡ። ጎረቤት ተጠርቶ በሩ ሲሰበር ታናሹ ያቃስታል። ታላቁ ተሸፋፍኖ እንደተኛ ነው። ላዩ ላይ ቁስል የለ፣ ደም የለ። የተኛ ይመስል ነበር። ታናሹ በሐኪም ቤት ኦክስጅን ተሰጥቶት ተረፈ። ያተረፈው በበሩ ስንጥቅ የገባችው ጥቂት ነፋስ ሳትሆን አትቀርም።

ለቅሶው ላይ የሰማሁት ነገር ግን እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። አንዳንዱ «መጋኛ መታው» አለ። አንዳንዱ «የሰው እጅ አለበት» አለ። እንዲህ ሲባል ሰው ምድጃውን አይመረምርም። ሌላው ጎረቤት በማግሥቱ ያንኑ ያደርጋል። ወገኖቼ፣ ያን ልጅ የገደለው መጋኛ አይደለም፤ ምቀኛም አይደለም። በሩ የተዘጋበት ከሰል ነው።

ይህ የድኻ ሰው ወይም የአገራችን አደጋ ብቻ አይምሰላችሁ። ኤሚል ዞላ የሚባል ታላቅ የፈረንሳይ ደራሲ ነበር። ባለጸጋና ስመ ጥር ሰው ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1902 ፓሪስ ከተማ መኝታ ክፍሉ ውስጥ እሳት ነድዶ ተኛ። የጭሱ መውጫ ተዘግቶ ስለነበረ ይኸው ጋዝ ገደለው። ባለቤቱ ግን ተረፉ። ጋዙ የተማረና ያልተማረ፣ ሀብታምና ድኻ አይለይም።

አሁን ምን እናድርግ? ከሰልን አትጠቀሙ ብዬ አልሄድም። ሌላ ማገዶ የሌለው ሰው ምን ያድርግ? ግን እንዲህ አድርጉ።

አንደኛ፣ ከሰልን ደጅ አቀጣጥሉ፣ የሚቻል ከሆነም ደጅ አብስሉበት። ዝናብ ከሆነ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ወይም ግድግዳው ክፍት በሆነ ማድ ቤት ይሁን። የጎረቤት በርና መስኮት ሥር አታስቀምጡት። የእናንተ ጋዝ ወደ እነርሱ ይገባልና።

ሁለተኛ፣ ለቡናም ቢሆን ምድጃው ግድ ወደ ቤት የሚገባ ከሆነ በሩም መስኮቱም ወለል ብሎ ይከፈት። በሩን ገርበብ ማድረግ አይበቃም። ቡናው እንዳበቃ ምድጃው ይውጣ።

ሦስተኛ፣ ዋናው ይህ ነው። ከሰል ባለበት ክፍል ፈጽሞ አትተኙ። ፍሙ አነስተኛ ነው፣ አመድ ለብሷል፣ ሊጠፋ ነው አትበሉ። ከመተኛት በፊት ምድጃው ከደጅ ይውጣ። «ሌባ ይወስደዋል» የሚል ሰው ደጅ ላይ በውሃ ያጥፋው። «ፍሙ ይባክንብኛል» የሚልም ክዳን ባለው የብረት ዕቃ ውስጥ ደጅ ላይ ይክደነው። አየር ሲያጣ ይጠፋል። የቀረው ከሰል ለነገ ይሆናል። አንድ እፍኝ ከሰል ከሰው ነፍስ አይበልጥም።

አራተኛ፣ ለአራስ ቤት ተጠንቀቁ። አራስ እንዳይበርዳት ተብሎ በሩ ይዘጋል፣ መስኮቱ ይጋረዳል፣ ከሰል ይገባላታል። ይህ ፍቅር ነው፤ ግን አደገኛ ፍቅር ነው። ጋዙ ሕፃናትን ቶሎ ይጎዳል። ነፍሰ ጡር ሴት ከሆነችም በማኅፀን ያለውን ልጅ ይጎዳዋል። አራሷን በልብስና በብርድ ልብስ አሙቋት እንጂ በከሰል አይሁን።

ከሰሉ ላይ ጨው ነስንሼአለሁ፣ ከጎኑ ውሃ አስቀምጫለሁ፣ ዕጣን አጭሻለሁ ብሎ የሚተኛም ሰው አለ። ጨው ጋዙን አይገድለውም። ውሃም አይስበውም። ዕጣን ቤቱን ደስ ያሰኘዋል እንጂ ጋዙን አያወጣውም። ጋዙን የሚያወጣው ንጹሕ አየር ብቻ ነው።

ስለ አዳዲስ ምድጃዎችም ላንሣ። በ1980ዎቹ ዓ.ም. ላቀች የሚባል የከሰል ምድጃ በአዲስ አበባ ገበያ ላይ ወጥቷል። ውጭው ቆርቆሮ፣ ውስጡ ሸክላ ነው። ሸክላው ሙቀቱን ስለሚይዝ ከድሮው የቆርቆሮ ምድጃ ይልቅ ከአራት አንድ እጅ ያህል ከሰል ይቆጥባል። ለእንጀራ ደግሞ ምርጥ የሚባል ከስሚንቶ የሚሠራ ምድጃ አለ። ከጉልቻ ይልቅ ግማሽ ያህል እንጨት ያድናል። ሁለቱም መልካም ናቸው። ነገር ግን ላቀች ከሰል ይቆጥባል እንጂ ጋዙን አያስቀርም። ላቀች አለኝ ብላችሁ በር ዘግታችሁ እንዳትተኙ።

ሰው በከሰል ጋዝ ተመትቶ ብታገኙስ? ሮጣችሁ ገብታችሁ አጠገቡ አትንበርከኩ። እናንተም ትወድቃላችሁ። መጀመሪያ በሩንና መስኮቱን በርግዱ። ትንፋሻችሁን ይዛችሁ ግቡና የተመታውን ወደ ደጅ ጎትቱት። መቀነቱንና የአንገት ልብሱን አላሉለት። የሚተነፍስ ከሆነ በጎኑ አስተኙት። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አትስጡት። ወተት ያሽረዋል ይባላል። ወተት ለዚህ ጋዝ መድኃኒት አይደለም። ራሱን የሳተ ሰው ወተቱ ወደ ሳንባው ገብቶ ያንቀዋል። መድኃኒቱ ኦክስጅን ነው፤ የሚገኘውም ጤና ጣቢያና ሆስፒታል ነው። ስለዚህ ሳትዘገዩ ውሰዱት። ነቅቶ «አሁን ደኅና ነኝ» ቢልም ይታይ። አዲስ አበባ ላይ ያለ ሰው በ939 የእሳትና አደጋ ሠራተኞችን፣ በ907 የቀይ መስቀልን አምቡላንስ መጥራት ይችላል።

አንድ ምልክትም ልጨምር። ብዙ ሰዎች በአንድ ክፍል ተቀምጠው ሁሉም ባንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው፣ ደጅ ሲወጡም ከተሻላቸው፣ ጉንፋን ነው አትበሉ። ምድጃውን ጠርጥሩ።

እሳቱ ራሱ የሚያደርሰውንም ቃጠሎ አንርሳ። ነጭ ጋዝ ወይም ላምባ በጋለ ከሰል ላይ አታፍስሱ። እሳቱ ብልጭ ብሎ ወደ እጃችሁና ወደ ጣሳው ይዘላል። ምድጃውን ከመጋረጃ፣ ከአልጋ ልብስና ከማዳበሪያ ኮርኒስ አርቁት። አመድ ስትደፉ ፍም እንዳለበት እዩ። ነፋስ አንድ ፍም ወደ ሣር ክምር ከወሰደ የዓመት ልፋት ያወድማል። ሕፃናት እንዳይወድቁበት ምድጃውን መተላለፊያ ላይ አታስቀምጡ። ልጅ ከተቃጠለ ቦታውን ወዲያው በንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ 20 ደቂቃ ያህል አፍስሱበት። ቅቤ፣ እበት፣ ዱቄት፣ የጥርስ ሳሙና አትቀቡት። ቁስሉን ይመርዛል። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ለእናቶቼ ደግሞ ስለ ጭሱም አንድ ቃል አለኝ። የእንጨትና የኩበት ጭስ ወዲያው አይገድልም። ቀስ እያለ ግን ሳንባን ይበላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደገመተው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2020 ብቻ በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ከቤት ውስጥ ጭስ በተያያዘ በሽታ ሞተዋል። ሳል ሆኖ፣ የልብ ሕመም ሆኖ፣ የሕፃናት የሳንባ ምች ሆኖ ይመጣል። ስለዚህ ማድ ቤቱን ከመኝታው ለዩት። ለጭሱ መውጫ ክፈቱለት። እንጨቱን አድርቃችሁ አንድዱ። ሕፃን በጀርባ አዝላችሁ እሳት ላይ አትጎንበሱ። ወንዶችም መውጫውን መክፈትና ማድ ቤቱን መሥራት የእናንተ ድርሻ ነው። «ጭሱን የለመደችው እርሷ ናት» ማለት አይገባም። ሳንባ ጭስ አይለምድም።

ወገኖቼ፣ የአገራችን ሰው «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላል። «ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ» ይላል። ዛሬ የተነጋገርነው ሁሉ ገንዘብ አያስወጣም። በር መክፈት በነጻ ነው። ምድጃ ማውጣት በነጻ ነው።

እናንተ ዛሬ ፊደል ለይታችኋል፤ መጻፍ ጀምራችኋል። ከተማ ያለው ልጃችሁ ይህን ንግግር አልሰማም። ከእናንተ ግን ቢሰማ ያምናል። ስለዚህ የዛሬው የቤት ሥራችሁ ለልጃችሁ ደብዳቤ መጻፍ ነው። የሚሄድ ሰው ካገኛችሁ በሰው፣ ስልክ ካላችሁ በስልክ ላኩለት። ረጅም አይሁን። እንዲህ ብትሉ ይበቃል፦

«ለምወድህ ልጄ፣ ለጤናህ እንደምን አለህ? እኛ ደኅና ነን። የከተማው ብርድ እንደሚከብድህ አውቃለሁ። ልብስ ደርብ እንጂ ከሰል ይዘህ አትተኛ። ከመተኛትህ በፊት ምድጃውን ከደጅ አውጣ። ራስህን ካመመህ በሩን ከፍተህ ውጣ። አብረውህ ለሚኖሩትም ንገራቸው። ይህን የጻፍሁልህ በገዛ እጄ ነው።»